ማስገባት እንጂ ማውጣት ያልተፈቀደላት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
አሥራ ሰባት ደብዳቤ መዝግቤ አስገባሁ። ከዚያ በሩ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ትእዛዝ አነበብኩ። መዝገብ ቤቱን አራት ክፍሎች ስለሚጋሩት፣ ፋይል የሚያስገባና የሚያወጣ ሰው ስም ዝርዝር ወጥቷል። «ማስገባት» ከሚለው ሥር አለሁ። «ማውጣት» ከሚለው ሥር የለሁም። ስድስት ዓመት ሳወጣ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ከዲጋ ገጠር አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት በእግራቸው መጥተዋል። ባላባቱ ጎረቤታቸው መሬታቸውን ገፍቶ ከሷቸዋል። ሟች ባላቸው ከሱ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል እኛ ዘንድ ነው። ግልባጭ ይፈልጋሉ። አልተፈቀደልኝም አልኳቸው። አዩኝና፣ «ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ያስገባሽውን ማውጣት አቃተሽ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ባሰብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ታይፒስቷ መሠረት ነገሩን ነገረችኝ፦ ወረቀቱ ሞላባትና የመጨረሻውን ስም ተወችው። የኔን። ስድስት ዓመት በአንድ መስመር ጥበት ቀረ።

ምክትል አለቃው ስህተቱን ለማረም ዋናውን ትእዛዝ ማየት አለብኝ አሉ። ዋናው ትእዛዝ ያለው በአለቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ያስገባሁት እኔ። የሚያስወጡት አለቃችን ግራዝማች ብቻ፤ እሳቸው ደግሞ ለጉብኝት ጊምቢ ናቸው። የመሬት ክፍሉ አቶ ደምሴ ግን የአዴ ፋይል ያለበትን የራሱን ቁም ሣጥን መክፈት ይችላል። ጠየቅኩት። ያለ ግራዝማች ፊርማ ለባለጉዳይ አንድ ቅጠል ወረቀት አልሰጥም አለኝ። ሕግ ነው አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6፣ ከሰዓት
የባላባቱ ሰው መጣ። አቶ ደምሴ ብድግ ብሎ ተቀበለው። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የአዴን ፋይል ይዞ ከሰውየው ጋር ቢሮው ገባ፤ በሩን ዘጋ። ፊርማ የጠየቀ የለም። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፣ ማኅተም እያደረግኩ። አንገቴን ደፋሁ። ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
የገቢ መዝገቡን ማንበብ የሚከለክለኝ የለም። የፋይሉን ቁጥርና የገባበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለአዴ ሰጠኋቸው። ለዳኛው ያሳዩ፣ ፍ/ቤት ያዝዝ አልኳቸው። በኦሮምኛ ሁለቴ ደገምኩላቸው። ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
የፍ/ቤት ትእዛዝ መጣ። ግራዝማችም ተመልሰዋል። ፋይሉ በፊታቸው ተከፈተ። መዝገቤ ስምንት ቅጠል ይላል። ሰባት ተገኘ። የጎደለው የድንበሩ ውል ነው። አቶ ደምሴ ድሮም አልገባም አለ። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

ግራዝማች ለብቻዬ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው። «እንደ ልጄ ነው የማይሽ። በስህተት ስምንት ብዬ መዘገብኩ ብለሽ ጻፊ፤ ነገ ስምሽ ከሚያወጡት ጋር ይገባል» አሉኝ። አስቤ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ወዲያው እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይኸው እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ደብተሬ፣ ሌላ የምነግረው የለኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
መሠረት ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ ትላለች። ልፈርድባት አልችልም፤ አራት ታናናሾች ታሳድጋለች። ጠዋት ግን አዴ ደጅ ተቀምጠው አየኋቸው። አልለመኑኝም። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው የእናቴን ጤና ጠየቁኝ።

ቃሌን ጻፍኩ። ስምንት ቅጠል በእጄ ቆጥሬ አስገብቻለሁ፤ ረቡዕ ዕለት ማን ፋይሉን እንዳወጣ፣ ከማን ጋር ይዞት ገብቶ በር እንደዘጋ አይቻለሁ። ሙሉ ስሜን ከታች አኖርኩ። ለግራዝማች አልሰጠውም። ዓርብ በቀጠሯቸው ቀን ከአዴ ጋር ችሎት ገብቼ ለዳኛው እሰጣለሁ፤ ቢጠይቁኝም እምላለሁ። ሰኞ ሥራ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ። ለእናቴ አሁን ልነግራት እሄዳለሁ።