ሰይድ ኳስ ይዞ ሲወጣ

መርሳ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጦርነቱን ሸሽቶ በወልድያ በኩል የሚመጣው ሰው ዛሬም አልተቋረጠም። የኳስ ልጆቼን ማሰልጠን ግን አልተውኩም፤ ቤት ስቀመጥ ጭንቀቱ ይብስብኛል።

የቡድናችንን ጎል የሚፈጥረው አጥቂ ሳይሆን ተከላካዩ ሰይድ ነው። ሌላ ተከላካይ ቢሆን ኳስ ሲደርሰው ጠልዞ ይገላገላል። ሰይድ ይዞ ይወጣል። መሐል ሜዳ ላይ አንድ ሰው ካለፈ ተጋጣሚው ይበታተናል። ይህን የሚደፍረው ግን ሌላው ተከላካይ ካሳሁን አጠገቡ ስላለ ነው። ከመውጣቱ በፊት "ካሴ" ብሎ ይጣራል። ካሳሁን "አለሁ" ይለውና ቦታውን ይሸፍንለታል። ከዚያ በኋላ ሰይድ ዞሮ አያይም።

ዛሬ ሳንጀምር የካሳሁን አባት ሜዳው ድረስ መጡ። "ወደ ደሴ ልንሄድ ነው፤ መኪናው ቆሞ እየጠበቀን ነው" አሉኝ። "በሰላም ያግባዎት" አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ። ካሳሁን ማሊያውን አውልቆ ለሰይድ ሰጠው። ሰይድም "አላህ ያገናኘን" አለው።

ከዚያ ጨዋታ ጀመርን። ሰይድ ኳስ ደረሰው፤ ፊቱ ያለው ሜዳ ክፍት ነበር። እንደ ልማዱ "ካሴ" ብሎ ተጣራ። ማንም አልመለሰለትም። ኳሱን እግሩ ስር እንዳደረገ ዞሮ አየና ለበረኛው መለሰው።

ስንበተን "አሁን ማን ይሸፍንልኛል?" አለኝ።

"እኔ አለሁ አይደል፣ ሰው እፈልግልሃለሁ" አልኩት።

ሻንጣዬ ከትናንት ጀምሮ ታስሮ በሩ ስር እንደተቀመጠ አልነገርኩትም።