በጸጥታ ያሠለጠንኩህ

ሊምሪክ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2019

ለምወድህ ልጄ ለፊንታን፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ዓርብ እንዲደርስህ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ።

የፈረንሳዩ ክለብህ ሊያቆይህ ወይም ሊያሰናብትህ የሚወስነው እሑድ በባላጋራችሁ ሜዳ በምትመታቸው ኳሶች መሆኑን እናትህ ነገረችኝ። ባለፉት ሁለት የራግቢ ጨዋታዎች፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሳትካቸውን ቅጣት ምቶች በቴሌቪዥን ተመልክቻለሁ። እግርህ ደኅና ነበር። ሕዝቡ ማፏጨት ሲጀምር ግን አንገትህ ትከሻህ ውስጥ ገባ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኛ የሊምሪክ ሰው ባላጋራው እንኳ ኳስ ሊመታ ሲቆም ትንፋሹን ይውጣል፤ ሳል የያዘውም ኮቱን ይነክሳል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሳሠለጥንህ፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ጨዋ መስሎኝ ውሻችንን ሳይቀር ከጓሮ አስወጣ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሜዳውን አስከፍቼ ጎረቤቶቻችንን ሰበሰብኩ። «እኔ ልመታ ነው፤ እናንተ ስደቡኝ» አልኳቸው። ኳሱ ላይ ስቆም ግን ልማድ ሆኖባቸው ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸጥ!

«ኧረ ስደቡኝ!»

«ምን ብለን፣ ክቡር ከንቲባ?» አለ ሥጋ ሻጩ ዶናል።

«ሥልጣን ላይ ሳለሁ ምን ትለኝ ነበር?»

«እሱንማ ከጀርባዎ ነበር የምለው!»

የዳቦ ቤቷ ኑላ ቀድማ ደፈረች። «አንተ ሽማግሌ! መንገዳችንን ሳትጠግን ወረድክ፤ አሁን ደግሞ ሣራችንን ልትቆፍር መጣህ?» ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! ስምንት ኳስ መታሁ፤ ስምንቱንም ሳትኩ።

የሚገርምህ፣ ጩኸቱ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ሳቄ መጣ። የከበደኝ ሌላ ነው። ስምንተኛውን ስስት እናትህ አጥሩን ተደግፋ ምንም ሳትናገር ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ።

«አሁን ገባህ?» አለችኝ። «ልጁ በሳተ ቁጥር እንዲህ ነበር የምታየው። ቤት ገብተንም ለሁለት ቀን ቃል አይወጣህም ነበር።»

እውነቷን ነው። ከሁለቱም ጨዋታዎች በኋላ አልደወልኩልህም።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጓደኞችህ ይሳደቡብህ፤ እጅግ የሚያስቅህን ስድብ ይምረጡ። ትንፋሽህን እስከ ጥጉ አስወጣ፤ አንገትህ ሳይላላ አትንደርደር። ከዚህ የሚበልጠውን አሠልጣኝህ ያውቃል።

የጨዋታውን ቲኬት ቆርጫለሁ። የተገኘው ወንበር ከግቡ ቋሚዎች ጀርባ፣ በሚያፏጩት መካከል ነው። እነሱ ሲያፏጩ እኔ ስምህን እጮኻለሁ። እናትህ «ድምፅህ አይወጣም» ብላ ትስቅብኛለች፤ ከትናንት ጀምሮ ጓሮ ውስጥ እየተለማመድኩ ነው።

አምላክ ልብህን ያሳርፍልህ። ብታገባም ብትስትም የተጫዋቾች መውጫ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። የማወራህ ብዙ አለኝ።

አባትህ
ዲያርሙድ