ደረጃውን መውጣት ስለማይችለው ወንድሜ ስለ ሳሙኤል

ቀን፦ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአረንጓዴ ሸለቆ ኮሌጅ ዲን ጽሕፈት ቤት
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ ተማሪ ሳሙኤል ወንድማገኝ ፎቅ ሳይወጣ ታች ሆኖ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፣

አመልካች ናዝራዊት ወንድማገኝ እባላለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ሲሆን የምኖረው በቦንጋ ከተማ ነው። የኮሌጁ ተማሪ አይደለሁም። የማመለክተው የሁለተኛ ዓመት የግብርና ተማሪና የኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለነበረው ታላቅ ወንድሜ ስለ ሳሙኤል ነው። ከዚህ በፊት እስከ ቢሮዎ በር መጥቼ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። የግቢው ጥበቃ ጋሽ ለገሰ ስመላለስ አይተውኝ «አፍሽ እምቢ ካለ ጻፊ፤ ወረቀት አያፍርም» ስላሉኝ ጽፌአለሁ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ቤታችን የምንነጋገረውም በካፊኖኖ ስለሆነ በአማርኛዬ ላይ ስሕተት ቢገኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1. አባታችን በሕይወት ሳለ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ማሩን የሚያወርድ ሰው ጠፋ፤ አጎታችን ጋሽ አብርሃምም ዛፍ መውጣት ትተዋል። ሳሙኤል በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለዕረፍት ሲመጣ «ለቡድኑ ማር ሳልይዝ አልመለስም» አለ። በቁመቱ ሲቀለድበት ያደገ ልጅ ስለሆነ «ለእኔ እኮ ዛፍ ግማሽ መንገድ ነው» ይል ነበር። አጎቴ ከታች ሆነው «ገመዱን እሰር፣ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ገመዱን!» እያሉ ሲጮሁ እኔ ማሩ የሚቀመጥበትን ዕቃ ይዤ ቆሜ ነበር። ቅርንጫፉ ዝናብ ጠግቦ ኖሮ ከነቀፎውና ከነሳሙኤል ወረደ። ንቦቹ ሲከቡት በሁለት እጁ ይከላከል ነበር። እግሩ ግን ዝም አለ። ንብ እየነደፈው እግሩ ዝም ሲል እኔ ያኔውኑ ገባኝ፤ ሐኪሞቹ ከወገቡ በታች እንደማይታዘዝለት የነገሩን በኋላ ነው።

2. እናታችን ላቀች ቡና እየለቀመችና ገበያ እየሸጠች ስለምታኖረን እሱን የማገላብጠው፣ የማጥበውና የማበላው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ለዚህ ነው። ይህን የምጽፈው ለራሴ ምንም ለመጠየቅ አይደለም።

መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ጣራ እያየ ብቻ ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን ኳሱን አምጪልኝ አለኝ። ቀጥሎም የእናቴን ትልቁን የቡና መልቀሚያ ቅርጫት ከበሩ በላይ እንድሰቅልለት ጠየቀኝ። ታቹን ቆርጠን ኳሱ እንዲያልፍ እናድርግ ሲል እናቴ «ታቹን እንዳትነኩ! ለቡና እፈልገዋለሁ» ብላ ከለከለች። ስለዚህ ኳሱ የገባ እንደሆነ እዚያው ይቀራል፤ እኔ በእንጨት ገፍቼ አወርደዋለሁ። ሲስት ደግሞ ድስት ላይ ያርፋል። እናቴ «ቤቴን ሜዳ አደረጋችሁት» እያለች አጎንብሳ ትገባለች። ለመወርወር ሲል በክንዱ እየተደገፈ ቀና ማለት ጀመረ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መቀመጥ ቻለ። ማንም አላስተማረውም።

የቡድኑ ልጆችም ይመጡ ነበር። ሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና በትኖ ይቺ አንተ ነህ፣ ይቺ እሱ ነው እያለ የት መቆም እንዳለባቸው ያሳያቸዋል። አምበሉ ጣሰው «የእኔ ፍሬ ለምን የተበላች ሆነች?» ብሎ ሲጠይቀው «ስለማትሮጥ ነቀዝ ደረሰባት» ብሎት ሁሉም ሳቁ። ከአደጋው በኋላ ቤታችን ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ተመርቀው ሄደዋል። ጣሰው ዋጫ ከተማ ተቀጥሯል። የሚመጣ የለም።

3. ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሳሙኤል ትምህርቱን መቀጠል እንደሚፈልግ ተናገረ። ቤታችን ከመንገዱ በታች፣ ቁልቁለት ላይ ነው። የተሰጠው ተሽከርካሪ ወንበር ዝናብ ሲዘንብ የፊት ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ያኔ ገና ባጃጅ ውስጥ ብዙ መቀመጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ የቡድኑ ልጆች የዕድራችንን ቃሬዛ ለምነው አመጡና በእሱ ተሸክመው ወጡ።

ክቡር ዲን፣ በእኛ ሰፈር ያ ቃሬዛ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ገበያው አጠገብ ስንደርስ ባጃጆች ቆሙ። ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ዕቃቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ተከተሉን። «የማን ልጅ ነው? ምን ነካው?» ብለው ሲጠይቁ ሳሙኤል ራሱ ቀና ብሎ «የላቀች ልጅ ነኝ እትዬ፤ ገና ነኝ» አላቸው። ጮኸው ሮጡ። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ነበር። እሱም እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ሳቀ። እኔ ከኋላ ጫማውን ይዤ ስለነበር ፊቱን አላየሁም።

4. የሬጅስትራር ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቃሬዛው ረጅም ስለሆነ በደረጃው መታጠፊያ አላለፈም። ካላቆሙት አያልፍም፤ ካቆሙት ደግሞ እሱ ይወድቃል። ጣሰው በጀርባው አዘለው። ወንድሜ ከጣሰው ይረዝማል። እግሩ በየደረጃው እየተጎተተ በሩ ላይ ካደረግሁለት ጫማ አንዱ ወልቆ ቀረ። ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ካልጻፍኩት ለምን በጀርባ አይወጣም ይባላል። የሽንት መቀበያው ከረጢት ተላቀቀ። ደረጃው ላይ ለምዝገባ የተሰለፉ ሴቶችና ወንዶች ተማሪዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ የሚያውቁት፣ ሲጫወት የሚያጨበጭቡለት ነበሩ። ማንም አልሳቀም። ሳሙኤል ኋላ ላይ «ቢስቁ ይሻል ነበር» ብሏል። ለጣሰው «መልሰኝ» አለው፤ ሳይመዘገብ ተመለስን።

5. የዕድር ቃሬዛ ሙሉ ወጥቶ ባዶ ይመለሳል። ሙሉ ተመልሶ አያውቅም። እኛ ይህን አላሰብንም፤ ልጆቹም አላሰቡም። በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን ስላረፉ ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ተነሣ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጻድቅ ክፉ ሰው አይደሉም። ቤታችን መጥተው ለእናቴ በቀስታ «ላቀች፣ ይህ ዕቃ የለመደው ነገር አለ፤ ሌላ አታስለምዱት» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልተሰጠንም። ሳሙኤል አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷቸው ነበር። እሳቸው ከወጡ በኋላ «ሁለተኛ የምወጣበት ቀን እንደ ደንቡ ባዶውን ይመለስላቸዋል» አለ። እናቴ ወጥታ ጓሮ ቆየች።

6. አሁን ትከሻውን በነጠላ ከወንበሩ ጋር ካሰርንለት ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ይችላል። ከቤት እስከ መንገድ ድረስ ጎረቤት ተሸክሞ ያደርስልናል። ስለዚህ እስከ ኮሌጁ በር መድረስ ይችላል። ከዚያ በላይ አይችልም።

ይህንኑ ለማስረዳት ሐምሌ ላይ ሬጅስትራር ቢሮ ገብቼ ነበር። ያነጋገሩኝ ወይዘሪት ሔርሜላ ይባላሉ፤ አልተቆጡኝም። ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ በሚመጣው መስከረም ካልተመለሰ ስሙ እንደሚሰረዝ፣ ለመመለስም በአካል ቀርቦ አሻራ መስጠት እንዳለበት ነገሩኝ። እኔ ልፈርምለት ስላቸው ውክልና ያስፈልጋል አሉ። የውክልና ቢሮ ሄድኩ፤ እሱም ፎቅ ላይ ነው። ወካዩ በአካል ይቅረብ አሉኝ። ተመልሼ ለወይዘሪት ሔርሜላ የአሻራው ማሽን ታች ይውረድ ማለት ፈልጌ ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር አልወጣልኝም። እሳቸው የፈለግሁትን ገምተው መሰለኝ «ገመዱ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው እኮ፣ የእኔ እናት፤ ሲስተሙ ሰው ካላየ አይከፍትም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ምንም ማድረግ አይችሉም።

ቤት ገብቼ ለሳሙኤል የተባልኩትን ነገርኩት። «ቅርጫቱን አውርጂው» አለኝ። አወረድኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ለመቀመጥ አይሞክርም፤ ጀርባው ላይ የዳነው ቁስል ተመልሶ ተከፍቷል። ኳሱ አልጋዬ ሥር ነው። እንደዚህ ከቀጠለ መቀመጥንም ይረሳል ብዬ እፈራለሁ። ይህን ማመልከቻ መጻፌን አያውቅም።

ስለዚህ ክቡር ዲን፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በመስከረም ምዝገባ ከቀናቱ በአንዱ፣ ተማሪ ሳይበዛ በጠዋት፣ የአሻራው ማሽን ለጥቂት ጊዜ ተነቅሎ ወደ በሩ እንዲወርድ ይፍቀዱልን። ወንድሜ ከባጃጁ መውረድ አያስፈልገውም፤ እጁን በመስኮት ያወጣል። እጁ ደህና ነው። ማሽኑ የማይወርድ ከሆነ አሻራውን በወረቀት ላይ የሚቀበል ሰው እንዲወርድ ይታዘዝልን። ክፍሎቹም ፎቅ ላይ መሆናቸውን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚማር እኔም አላውቅም፤ ስለዚያ አሁን አልጠይቅም። የምጠይቀው ስሙ እንዳይሰረዝ ብቻ ነው።

መልሱ የማይሆን ከሆነ ግን በስልክ እንዳይነገር፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም እንዳይለጠፍ እለምናለሁ፤ ሰው አይቶ ይነግረዋል። ለጋሽ ለገሰ ብቻ ይንገሩልኝ። እኔ ገበያ ስሄድ በበሩ በኩል አልፋለሁ፤ እሳቸው ከሩቅ ራሳቸውን ቢነቀንቁልኝ ይበቃኛል፣ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

መልሱ እሺ ከሆነም ለወንድሜ በአፌ አልነግረውም። ቅርጫቱን በቦታው መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ዞሮ ሲያየው ይገባዋል። ይህን የምለው ውሳኔዎን ለማስቸኮል ደፍሬ አይደለም፤ እናቴ ጥቅምት ላይ ለቡና ለቀማ ትፈልገዋለችና ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ከትልቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ናዝራዊት ወንድማገኝ
(ፊርማ)