ሦስት ተመራማሪዎችና አንድ የእናት ጉልበት

ይድረስ ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ልጅ ወልጄ ለአንድ ሐሙስ አንዱን እንኳ በማጣቴ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የተቋሙ ማሞቂያዎችና ማቀዝቀዣዎችም፣ በየብርጭቆ ሳህኑ የሚያድጉት ሻጋታዎችም ጭምር በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት ከጠየቁኝ፣ ከወገቤ በላይ እግዜር ይመስገን፤ ከወገቤ በታች ግን ቀኝ ጉልበቴ ለመጪው ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮለታል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ እጄ አመል ሆኖበት ትሕትና ቢያበዛብዎ ይታገሡኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሦስቱም የእርስዎ ናቸው። ሰው በክፉ እንዳይተረጉምብን ላብራራው፦ ሦስቱም የተቋምዎ ሠራተኞች ናቸው። ታላቋ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ መካከለኛው የውቅያኖስን መሞቅ፣ የመጨረሻዋ ደግሞ የዕፅዋትን በሽታ ያጠናሉ። እኔ ቁርጥማት አለብኝ፣ መኝታ ቤቴ ይቀዘቅዛል፣ በረንዳዬ ላይ ያለችው ቲማቲም ቅጠሏ ጠቁሯል። ባለሙያ በማግኘት በኩል ከእኔ የታደለች እናት የምትኖር አይመስለኝም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ታላቋ ልጄ ሐሙስ ሆስፒታል አብራኝ ለመዋል ፈቃድ ጠይቃ መከልከሏን በአክብሮት ተረድቻለሁ። ምክንያቱም የሚያኮራ ነው፤ በዚያው ዕለት በተቋሙ ትልቁ አዳራሽ ለእንግዶች ጥናቷን ታቀርባለች። ጥናቱ እንደገባኝ ከሆነ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ዘመድ አጠገቡ ሲኖር ቶሎ እንደሚያገግም ያረጋግጣል። ልጄ ይህን ለማታውቃቸው ሰዎች ስታስረዳ እናቷ ያለ ዘመድ መተኛቷ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል ተብሎ የታሰበ ከሆነ፣ ተቋምዎ አንዳችም ነገር እንደማያባክን አይቻለሁና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. መካከለኛው ልጄ ከምድር ቤት ያሉትን የባሕር ውሃ ገንዳዎች ትቶ መንቀሳቀስ አይችልም ተብሏል፤ የውሃው ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ከተዛነፈ የዓመት ልፋት ገደል ይገባል። ይህ ልጅ ባለፈው ሰሞን ሊጠይቀኝ መጥቶ የመኝታ ቤቴ ማሞቂያ መበላሸቱን ብነግረው፣ ከኪሱ ቴርሞሜትር አውጥቶ በአልጋው ራስጌና ግርጌ ለካና «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ልዩነት በአንድ ክፍል ውስጥ ያስገርማል» ብሎኝ ሄደ። ማሞቂያው እስካሁን እንደተበላሸ ነው። በልጄ መቀለዴ አይደለም። ባሕሩ እየሞቀ መሆኑን፣ ዓሣውም መሸሻ እያጣ መሆኑን ሲያስረዳኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስላየሁ፣ ሥራው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻ ስንት ሺህ ዘመን ራሱን ችሎ የኖረ ባሕር አንድ ከሰዓት በኋላ ያለ እሱ መዋል እንዴት እንዳቃተው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

፫. የመጨረሻዋ ልጄ ቲማቲሜን ልታይልኝ የመጣችው እስከ ክንዷ ጓንት አጥልቃ፣ ጫማዋን በላስቲክ ሸፍና ነበር። እኔን ከመሳሟ በፊት ቅጠሉን አየች፤ ቅጠሉን ካየች በኋላም አልሳመችኝም፤ ይተላለፋል አለች። ቲማቲሟ በሣጥን ሆና፣ እንዳትናወጥ በቀስታ በሚነዳ የተቋሙ መኪና ተወሰደች። አሁን ሙቀቱ የተመጠነ ክፍል፣ ከራስጌዋ መብራት፣ ሌትና ቀን የሚፈራረቁ አስታማሚዎች አሏት። ልጄም በዚህ ሳምንት ከአጠገቧ እንዳትለይ ታዛለች። እኔ በበኩሌ ወደ ሆስፒታሉ የምሄደው በታክሲ ነው። በረንዳዬ ላይ በነበረችበት ጊዜ ውሃ እያጠጣሁ ያኖርኋት ቲማቲም እንዲህ ያለ ማዕረግ ላይ በመድረሷ ቅናት እንዳይመስልብኝ እየተጠነቀቅሁ ደስታዬን እገልጻለሁ።

፬. የአስተዳደር ክፍልዎ ለልጆቼ የፈቃድ ጥያቄ በላከው መልስ የእናት ጉልበት በአስቸኳይ ጉዳዮች ውስጥ እንደማይመደብ አስታውቋል። አረፍተ ነገሩ እንከን የለውም፤ እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አልተይበውም ነበር።

ክቡርነትዎ፣ እስቲ ለአፍታ ያለ ቀልድ ልናገር። እፈራለሁ። ቢላዋው አይደለም፣ ማደንዘዣው ነው የሚያስፈራኝ፤ ዓይኔን ስገልጥ ከፊቴ የማየው የማላውቀውን ሰው እንዳይሆን ነው የሚያስጨንቀኝ። ሦስቱም ልጆች ኩፍኝ ሲወጣባቸው፣ ሲወድቁና ሲሰበሩ ከአልጋቸው ጎን የነበርሁት እኔ ነኝ። የያኔው አለቃዬ ፊቱ የማይፈታ፣ ለሰላምታ እንኳ የሚሰስት ሰው ነበር፤ ልጅ ታመመብኝ ስለው ግን ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ወደ ልጅሽ ሂጂ ለማለት በእጁ በሩን ያሳየኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው ተቋምዎን ለመምራት ብቁ እንደማይሆን ይገባኛል።

ለሰው መገጣጠሚያ፣ ለባሕሩና ለቅጠሉ የሚያደርጉትን ጥበቃ እያደነቅሁ፣ የእርስዎም ሁለት ጉልበቶች ፈቃድ ሳይጠይቁ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ እንዲያገለግሉዎ እየተመኘሁ፣ በደኅነኛው ጉልበቴ ብቻ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሦስት ተመራማሪዎችዎ እናት
(የሚነበብ ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለአስተዳደር ክፍል
ለሦስቱ ልጆቼ፤ ማንበቢያ ጊዜ ሲያገኙ
ለቲማቲሟ፤ እግዜር ይማርሽ ከሚል መልእክት ጋር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከፈረምሁ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ደውለውልኝ ነበር። ጉልበቴ እንዲህ በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት ነው አሉ፤ ተቋምዎ ከውስጡ ናሙና ለመውሰድ ፈቃዴን በጥብቅ ይፈልጋል። ፈቃድ መንፈግ ስለማልወድ እሺ ብያለሁ፤ ነገር ግን በሕጉ መሠረት ቅድመ ሁኔታ አስገብቻለሁ። ናሙናውን የምትረከበው ታላቋ ልጄ ብቻ ናት፤ ርክክቡም የሚፈጸመው እኔ ከማደንዘዣው ነቅቼ እጇን ከያዝሁ በኋላ ነው። የልጄ ጉባኤ ወደ ዓርብ ሊዛወር ይችላል፤ ናሙና ግን ከሐሙስ አያልፍም ብለውኛል። ስለዚህ ለእናቷ ፈቃድ እንደሌለ በሚገባ ተገንዝቤ፣ ለጉልበቴ የመስክ ሥራ ትእዛዝ እንዲጻፍላት በትሕትና እጠይቃለሁ።