አራት ሜትር ስፋት

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አርማታው በተሞላ በአምስተኛው ቀን

በጣም ለናፈቅከኝ ለአባዬ፣

እንደምን አለህልኝ የኔ ሆድ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ምንም አታስብ። ቶሎ ቶሎ ስለምጽፍ ፊደሉ ቢንጋደድብህ ታገሰኝ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ባሌ መኪና ሊጠራ ወጥቷል፣ አክስቴ ጓዳ ሆና የሕፃን ልብስ እያጣጠፈች ለብቻዋ ታወራለች፣ እኔ ደሞ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ የላክልኝን የመንገዱን ንድፍ ከስር አድርጌ ላዩ ላይ እየጻፍኩልህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ያዝ ለቀቅ እያደረገኝ ነው። አዋላጅዋ ገና ሁለት ሳምንት ይቀርሻል ብላኝ ነበር። ግን ደህና ነኝ፣ አልኩህ እኮ።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አርማታው ሰባት ቀን ካልሞላው መኪና አይችልም፣ ዛሬ ደሞ ገና አምስተኛው ነው። መኪናው እስከ ደጃፋችን እንዲወርድ ብለን ይሄን ሁሉ ለፋን፣ ልጁ ደሞ ሁለት ቀን እንኳ አልታገሰንም። በአንተ ነው የወጣው መሰለኝ፣ መቸኮል።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ፎርማኑን አታውቀውም፣ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ልክ ነው የሚለው፣ ያዘመመ ነገር ካየ ምሳ አይበላለትም ይላሉ። እውነት ነው ደሞ፣ መጀመሪያ ቤታችን የገባ ቀን ሰላም ሳይለን የጠረጴዛዋን እግር በካርቶን ደግፎ ነው የተቀመጠው። ንድፍህን ሰጠሁት፣ አዞረው፣ ገለበጠው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ስፋቱ አራት ሜትር?» አለኝ። «እሙዬ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ የሚያርፍበት? ሦስት ለማንም ይበቃል።»

«አባቴ አራት ብሏል።»

«አባትሽ እዚህ የለማ።»

«አለ፣ ይኸው ከስሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል» አልኩት።

ሳቀ። ቀጥሎ ደሞ «ላዩ በመጥረጊያ ይቧጨር፣ እግር እንዳያዳልጥ» ያልከውን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። «እንደ መስታወት አድርጌ ልጨርሰው የምችል ሰው፣ በመጥረጊያ አበላሸው ትይኛለሽ?» እኔ ምን ላድርግ፣ አባቴ ያለው ይሁን አልኩ። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ግን ያን ጊዜ አራት ሜትሩ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ሰው አገር ሰፊ መንገድ ሲሠራ ከርሞ ዓይኑ ሰፍቶበት ነው ብዬ ነው።

ከዚያ ቁፋሮ ተጀመረ። ሠራተኞቹ የድሮ መንገዳችንን የመጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ በዶማ ፈንቅለው ሲያነሱ ሮጬ ሄጄ ሁለተኛዋ ላይ ቁጭ አልኩባት፣ በዚህ ሆዴ አስበው። አታንሱብኝ አልኩ። አለቀስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ አስቆምኩ አባዬ፣ እነዚያን ሁለት ቀኖች ነው ዛሬ ያጣኋቸው፣ ማንንም አልወቅስም።

ድንጋዮቹን ከወንዝ ያመጣችሁበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ በትከሻህ፣ እማዬ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እየመረጠች፣ እኔ ደሞ ጠጠር በቀሚሴ ሸክፌ እኔም ተሸከምኩ እያልኩ። ከበሩ እስከ መንገዱ ሁለት መስመር፣ አንዱ ለግራ ጎማ፣ አንዱ ለቀኝ ጎማ። መኪና የለንም! እማዬ ወገቧን ይዛ ስትስቅ አሁንም ይሰማኛል፣ «ሰው መኪና ገዝቶ መንገድ ያወጣል፣ የኔ ባል መንገድ ሠርቶ መኪና ይጠብቃል» ስትል። አንተም ኮስተር ብለህ «መንገዱን አይቶ ይመጣል» ትላታለህ። ከዚያ የድስት ክዳን መሪ አድርገህ ትይዝና ጢጥ ጢጥ እያልክ ቁልቁል ስትነዳን፣ እማዬ ከጎንህ ሆና «ኧረ ቀስ በል፣ ዶሮ አለ!» ስትል፣ እኔ ከኋላ። ዝናብ ሲዘንብ ደሞ አንተ በአንዱ መስመር፣ እሷ በሌላው፣ እኔን መሃል ላይ በሁለት እጄ አንጠልጥላችሁ፣ እግሬ ጭቃ ሳይነካ መንገድ እደርስ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ምቾት እስከ ዛሬ አላየሁም፣ እውነቴን ነው።

ልኩን የወሰድከው ከዳቦ ጋጋሪው ትንሽ መኪና ነበር። ሰፈር ውስጥ ያለችው መኪና እሷው ብቻ ነበረች። ገመዱን ከጎማ እስከ ጎማ ስትወጥር አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጠኸኝ። «ጩጬ፣ አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳትለቂው» አልከኝ። ያዝኩት።

ስለዚያ ስለሌላው ቀን አንተም አውርተህ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። ዛሬ ልበለው። እማዬ ምጥ ይዟት፣ ያ ሁሉ ዝናብ፣ የጤና ጣቢያው መኪና መጣላችሁ፣ አንተ እየሮጥክ በዚህ በኩል፣ በድንጋዩ፣ በድንጋዩ ስትል፣ መኪናው ግን ትልቅ ነበረ፣ አንዱ ጎማ ድንጋዩን ሲይዝ አንዱ ሳተው፣ ጭቃው እስከ ሆዱ ዋጠው። በአንሶላ ተሸክማችኋት ወጣችሁ። እማዬ መንገዱ ጋ በሕይወት አልደረሰችም። ወንድሜም።

ከዚያ ወዲህ አንተ ድንጋዮቹን ረግጠህ አታውቅም። በጎን በጭቃው ነበር የምትሄደው፣ አይቼሃለሁ። ትንሽ ቆይተህ ለአክስቴ ሰጥተኸኝ ሄድክ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ፍለጋ ነው የሄደው እላለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ገመዱን ነው። ያኔ ስንለካ እጄ ላይ ዝንብ አርፎ ነበር አባዬ። ገመዱን ላላ አድርጌው ከሆነስ? ልኩ የተሳሳተው በኔ ከሆነስ? ይሄን ለባሌም አልነገርኩትም።

ሥራው በቆመ በሁለተኛው ቀን ውሃ ልክ መጥቶ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ምንድነው ነገሩ እህቴ?» አለኝ። አወጣሁለት፣ ሁሉንም፣ ዝንቡን ሳይቀር። እንደሌላው ሰው አይዞሽ ምናምን አላለኝም። ተነስቶ ከመስመር እስከ መስመር ገመድ ወጠረ፣ ቋጠረበት፣ «ያዢ» አለኝና ዳቦ ጋጋሪው ቤት ይዞኝ ሄደ። ያቺ መኪና አለች እኮ! ምድጃው ኋላ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማለች፣ ዶሮ ይሰፍርባታል። ዳቦ ጋጋሪው አርጅቷል፣ ገመዱን ሲያይ «መኪናዬን ልትገዙ ነው? ከነዶሮዎቹ ነው የምሸጠው» አለን።

ለካን አባዬ። ከጎማ እስከ ጎማ። አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም፣ አንድ ጣት አልበለጠም።

ውሃ ልክ ሁለት ጊዜ ለካው፣ ታውቀው የለ፣ አታውቀውም ግን ያው እንደነገርኩህ ነው። ከዚያ «ሰውዬው ልክ ለክቷል፣ አንቺም ልክ ይዘሻል» አለኝ። «የጤና ጣቢያው መኪና ነው የሚሰፋው። ያን ጊዜ ከዚች ሌላ መኪና እዚህ ማን አይቶ ያውቅ ነበር?» ወደ ቤት ስንመለስ ደሞ ንድፍህን ከኪሱ አውጥቶ ያሰመርክበትን በጣቱ ዳሰሰውና «ይሁን፣ አራት ሜትር ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ አውሮፕላን ቀልዶ አያውቅም።

ድንጋዮቹን አልጣልኳቸውም። እየፈለጥን ከስር አነጠፍናቸው፣ ገረጋንቲ አፈሩ ከላያቸው ተጠቀጠቀ፣ ከዚያ የፌሮ ብረቱ፣ ከዚያ አርማታው። ያን ሁሉ የተሸከሙት ያንተና የእማዬ ድንጋዮች ናቸው። አርብ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ማቡኪያው ሲያጓራ ዋለ፣ ሠራተኞቹ በባልዲ ሲቀባበሉ፣ ውሃ ልክ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲያስተካክል። ውሃው ወደ ቤት እንዳይገባ ደጃፉ ጋ ቦይ ተቀዷል፣ እንዳልከው። መጥረጊያውንም ለማንም አልሰጠም፣ ራሱ ነው የሳበው፣ አኩርፎ፣ ግን መስመሩ እንደ ደብተር። ሊጨርስ ሲል ከዳቦ ጋጋሪው ዶሮዎች አንዷ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ በሩ ጋ ባለው እርጥቡ ላይ ተንጎራደደችበት። ውሃ ልክ ሊያለቅስ ነበር። ልድፈነው ሲል ተወው አልኩት፣ እየሳቅኩ፣ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ አንተ ታውቀዋለህ። አርማታው ቶሎ እንዳይደርቅ ያለበስነውን ጆንያ ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣዋለን፣ ባሌ ይቀዳል፣ እኔ አዛለሁ።

አሁን ያው ወገቤ ደጋገመኝ። ውሃ ልክ ወሬውን ሰምቶ ከጠዋት በሩ ላይ ቆሟል። «መኪናው ይውረድ፣ ቢሰነጠቅ እጠግነዋለሁ፣ ሰው አይጠገንም» አለ። እኔ «ሰውስ ይችላል?» አልኩት። «ሰውማ ከማግስቱ ጀምሮ ይችላል» አለኝ። አዋላጅዋም ጠዋት መጥታ አይታኝ ገና ነሽ፣ መራመዱ ይጠቅምሻል ብላለች። ስለዚህ በእግሬ ነው የምወጣው አባዬ። አርባ ሁለት እርምጃ ናት፣ ትናንት ቆጥሬያታለሁ። ዛሬ ጆንያው ተነስቶላት ደረቅ ነች፣ አታዳልጥም፣ ለመጥረጊያው ተባረክ።

ልኩ ትክክል እንደነበረ ያልኩህን አስብበት። በጎን በጎን መሄድ ይበቃሃል፣ እኔንም ይበቃኛል። ይሄ ወረቀት እስኪደርስህ ሰባት ቀኑ ሞልቶ አልፏል፣ የፈለግከውን መኪና ይዘህ ብትመጣ እስከ በሩ ድረስ ይገባልሃል። ምናልባት፣ ምናልባት ነው ያልኩት፣ ሌላ አይደለም፣ እኔ ሮጬ ወጥቼ ልቀበልህ ባልችል እንኳ የልጁን ልብስ አክስቴ የት እንዳስቀመጠችው ታውቃለች፣ የድስት ክዳኑም በምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ አለ። ልጁን ንዳው። ዶሮ አለ በለው።

ጥሩምባው ተነፋ፣ መኪናው ከላይ መንገዱ ጋ ደርሷል፣ ባሌም ተመልሶ ገባ። በአንድ ጎን ባሌ፣ በአንድ ጎን አክስቴ፣ እኔ መሃል ላይ፣ እንደ ድሮው። ወረቀቱን ውሃ ልክ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል፣ አጥፎም ቢሆን ጠርዙን ያስተካክለዋል።

እጅህ አይዛልብኝ፣ ወገብህ ይጽናልኝ፣ በሄድክበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደምልኝ። አንተም ባለህበት ሆነህ መርቀኝ አባዬ፣ ጮክ ብለህ መርቀኝ።

ገመዱን ያልለቀቀችው
ጩጬህ