አንድ ተመልካች

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬም የቀጥታ ስርጭት ሙከራ። በስልኩ አፕ ጀመርኩ። ምስሉ ጥሩ፣ ድምፁ ጥሩ። ኔትወርኩ ደከም ሲል ግን ጭራሽ ይቆረጣል። የቡሬው ሠርግ በዚህ አይሆንም። ልክ ሙሽራው ሲገባ ቢቆረጥ ማን ይሰማኛል?

ቀጥሎ የደሳለኝ ላፕቶፕ። አሮጌው ፕሮግራም እዚያ ነው ያለው። ከባድ ነው፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ግን ኔትወርክ ሲያንስ ጥራቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይቆርጥም። ይሄ ነው አልኩ። ላይቭ የሚለውን ተጫንኩ።

ከስፒከሩ የደሳለኝ ድምፅ ወጣ። «እማዬ፣ ይታይሻል?»

ረስቼው ነበር፣ ደብተር። ስርጭት በተከፈተ ቁጥር በራሱ እንዲጫወት ያስገባው ክሊፕ ነው። እናቱ፣ እማማ ጥሩ፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ሊያስቃቸው። ማንኩሳ ቤታቸው ቁጭ ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙን ነበር። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ተመልካች እሳቸው።

ደሳለኝ ኅዳር ላይ ሞቷል። ስቱዲዮውን አብረን ነበር የከፈትነው። ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ፣ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። እዚያው ተቀበረ።

ስክሪኑ ጥግ ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ የተመልካች ቁጥር ታየ። 1።

ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 10

ሙሉ ደወለች። የደሳለኝ እህት፣ ከእናቷ ጋር የምትኖረው። እማማ ጥሩ ትናንት የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ፊታቸው ሲበራ ዋለ አለችኝ። ይህን ብላ እሷ አለቀሰች። ጓሮ ወጥታ ነው የምትደውለው።

እማማ መርዶ አልተነገራቸውም። እሱ በሞተበት ሰሞን ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ሐኪሙ እስኪድን ማልቀስ የለም ብሏል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መርዶው ይቆይ አሉ፣ ዘመድ ሁሉ ተስማማ። ስልኩ ተሰርቋል፣ ሥራ በዝቶበታል ተባሉ። እኔም ይህንኑ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ሳልንተባተብ። ራሴን ፈራሁት።

ይኸው አሁን ደግሞ ለውሸታችን ምስክር አቆምኩለት። ሟቹን ራሱን።

ታኅሣሥ 13

አባ ጥላሁን ዘንድ ሄድኩ፣ የእማማ ንስሐ አባት። ጭንቀቴን ዘረገፍኩት። ክሊፑን ባጠፋ፣ ስርጭቱ ሲከፈት ድምፁን ያጡታል። ዝምታው ራሱ መርዶ ነው። ባላጠፋ የሞተ ሰው ሳናግር ልከርም ነው። ሌላ ቻናል እንዳልከፍት የቡሬ ሰዎች የዚህኛውን ሊንክ ለዘመድ አዳርሰውታል።

አባ መርዶ በሰው አፍ ነው፣ ሰው አቅፏቸው ነው የሚሰሙት፣ ብቻቸውን ከስልክ እንዳይረዱት አደራ አሉኝ። ስልኩን ወይስ ላፕቶፑን ልጠቀም ስላልኳቸው ግን ምንም። ተናድጄ ወጣሁ። ደግሞ ምን ይበሉኝ? ስለ ኔትወርክ ፍጥነት ይምከሩኝ?

ታኅሣሥ 25፣ ቡሬ

አዳራሹ ውስጥ ሙከራ። ሰው የለም፣ ነጭ የለበሱ ወንበሮች ብቻ። ውጭ የነቀምቴ መንገድ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይርገበገባል። የስልኩ አፕ እዚህም ተቆረጠ። ሲም ቀየርኩ፣ ያው።

ደሳለኝ ሊገዛ የሄደው ዕቃ ለዚህ ነበር። የሁለት ሲም ኔትወርክ አዋህዶ ስርጭቱን የሚልክ ትንሽ ሣጥን። ገዝቶታልም። አዲስ አበባ ያለው አጎቱ ከልብሱ ጋር ልኮልኛል። ካርቶኑን መክፈት አልቻልኩም። በእስክሪብቶ ስሜን ጽፎበታል።

የቀረኝ ላፕቶፑ ነው። ከፈትኩ። «እማዬ፣ ይታይሻል?» ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተጋባል፣ ከጀርባዬ የቆመ ነው የመሰለኝ። ዞሬ አየሁ። ሞኝ።

1።

ካሜራው ወንበሮቹን እያሳየ ነው። ቁጥሩ ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠፋም። ምን የሚታይ ነገር አለ? ልዘጋው አልኩና አቃተኝ፣ እሳቸውን ከደጅ እንደመመለስ ሆነብኝ።

ስመለስ ሙሉ ነገረችኝ። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። ድምፁ ሲጠይቃቸው ይታየኛል ልጄ እያሉ ይመልሳሉ። ከዚያ ወንበሮቹ መሃል እሱን ይፈልጋሉ።

ጥር 8፣ ማንኩሳ

ሐኪሙ ድነዋል አለ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ገባን፣ አባ ከፊት። እማማ በሩን ከፈቱ። አባን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኹ።

ሬሳ የለም። የሚለቀስበት ልብሱ ወጣ፣ ፎቶው ወጣ። እኔ ካርቶኑን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ሙሉ ተቀብላ ከልብሱ አጠገብ አኖረችው።

ረፋድ ላይ እጄን ይዘው ያ ድምፅሳ አሉኝ። ነገርኳቸው፣ አንድም አላስቀረሁ። ቀና ብለው አዩኝ፣ በዚያ በዳነ ዓይናቸው።

«ለወንበር ኑሯል ስመልስ የከረምሁ?»

ምነው በተቆጡኝ። ምነው በሰደቡኝ።

ጥር 10

ለቅሶ ቤት ነበርኩ። እማማ ካርቶኑን አንስተው ሰጡኝ። የገዛው እንዲሠራበት ነው፣ ምን ይሠራል እዚህ አሉ። ስለ ድምፁ አጥፊም ተይም አላሉኝ። እኔም አልጠየቅኳቸው።

ጥር 17፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቡሬ

ካርቶኑን ከፈትኩ። ስሜ ያለበትን ክዳን ሳልቀድ። ሁለት ሲም ከተትኩ፣ ሣጥኑን ከካሜራው ጋር አገናኘሁ፣ ሞከርኩ። ከባድ መኪናው ያልፋል፣ መስኮቱ ይርገበገባል፣ ምስሉ ንቅንቅ አይልም። ልክ ነበርክ፣ ደሳለኝ። እግዜር ያሳይህ።

ላፕቶፑን ስቱዲዮ ትቼው መጣሁ። ክሊፑን አላጠፋሁም። ግን ሰው ለመጥራት ዳግመኛ አይከፈትም።

ሠርገኛው ገና ነው። ቻናሉን ከፈትኩ። ጆሮዬ ጠበቀው። ዝም። ይሄ ዝምታ ከድምፁ ይብሳል፣ ጀርባዬን በረደኝ።

1።

እማማ ሐዘን ላይ ናቸው፣ ሠርግ አያዩም። ሙሉ ትሆናለች ልል ነበር። ማንን አታልላለሁ? እሳቸው ናቸው። ወንበሮቹን እያዩ ነው።

አስተናጋጆቹ ይሳቁብኝ። ብዕሩን አስቀምጬ ካሜራው ፊት ልሄድ ነው። ፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እማማ ጥሩ፣ ይታይዎታል? ብዬ በራሴ ድምፅ እጠይቃለሁ። ሲመልሱ ወንበሩ ላይ ሰው ይኑር።