በእንቅልፏ ትጠልቅ የነበረችው እናትሽ

ውድ ልጄ ያንግሚ፣

በጄጁ ደሴት ብዕር ከጨበጡ ወንዶች ሁሉ የሚበልጠው አባትሽ ነው። እሺ፣ ደሴቱን እንተወው፤ በመንደራችን። መንደሩም ይቅር። በማታ ትምህርት ክፍላችን ከእኔ የሚያንሱ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንደኛዋም ሁልጊዜ መነጽሯን ቤት ረስታ የምትመጣ አሮጊት ናት። መምህርቷ ግን "አቶ ዳልሱ፣ ፊደልዎ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ቢሄድም ይነበባል" ብላኛለች። ስለዚህ አንብቢው።

ይህን ነገር በስልክ ባነሳሁ ቁጥር "አባባ፣ ደግሞ ጀመሩ! አውቶቡሴ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። መቅደድ ትችያለሽ፤ ግን ካነበብሽው በኋላ ይሁን።

ለእናትሽ ሙት ዓመት ከባሕር ማዶ ከቡሳን የመጣሽ ጊዜ፣ ምግቡ ከተነሳ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ግቢው ውስጥ ሳለች ወለሉ ላይ ጋደም አልሽ። እኔ ሳህን አጥባለሁ። ማንኮራፋት ስትጀምሪ "አውቶቡሷን ይዛው መጣች" ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ጸጥ አልሽ። ጸጥታው ረዘመ። ደረትሽ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ጉሮሮ ሰንጥቆ የሚወጣ፣ መጨረሻው ፉጨት የሆነ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። አንቺም ብድግ ብለሽ፣ በሁለት እጅሽ አየሩን እየቀዘፍሽ፣ "በሩን ክፈቱት!" ብለሽ ጮህሽ።

ስትነቂ ሳቅሽ። አውቶቡሱ ውሃ ሞልቶ፣ በሩ አልከፈት ብሎ፣ ተሳፋሪዎቹ መስታወቱን ሲደበድቡ እንዳየሽ ነገርሽኝ። "ሁሌ ይቺኑ ነው የማልማት" አልሽ። ባልሽም እርግጫሽን ሸሽቶ ሌላ ክፍል እንደሚተኛ እንደ ቀልድ ጣል አደረግሽልኝ። እኔ፣ ቀልድ የማያልፈኝ ሰውዬ፣ አልሳቅሁም። ድምፁን አውቀዋለሁና።

ጠላቂ ሴቶች ከባሕር ሥር ሲወጡ ያመቁትን ትንፋሽ በፉጨት እንደሚለቁት አንቺ ከእናትሽ ጡት ጋር የሰማሽው ነው። እናትሽ ግን ፉጨቱን ቤት ድረስ አመጣችው። በተኛችበት ትንፋሿ ይቆማል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ልክ ከውሃ እንደወጣች ታፏጫለች። የጠላቂ ባል ይህን ሰምቶ ምን ይላል? እየጠለቀች ነው አልኩ!

ሱቁ ደጃፍ ለተቀመጡት ወንዶች "የእናንተ ሚስቶች የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ የእኔዋ ማልሱን የሌሊት ፈረቃም አላት" እላቸው ነበር።

"የሌሊቱን ምርት ታዲያ ማን ይበላዋል?" አለኝ አንዱ።

"እኔ ነኛ! እናንተማ በቀንም አልጠገባችሁ።"

ወሬው የጠላቂዎቹ አለቃ እትዬ ቹንዎል ጋ ደረሰ። ሴቶቹ ከውሃ ወጥተው እሳት ሲሞቁ አስጠሩኝና "አንተ ዳልሱ፣ ባሕሩ መርጧታል ማለት ነው። እንዳትቀሰቅሳት! ከውሃ በታች ያለ ሰው ስሙ አይጠራም፤ ትንፋሹ ይሳሳታል" አሉኝ። እኛ ዘንድ ይህ ሕግ ነው። እኔም አጠገቧ ተጋድሜ፣ የራሴን ትንፋሽ ይዤ፣ እስክትወጣ እጠብቃለሁ።

ሕልሟ አንድ ነበር። በአንድ ጥቁር የባሕር አለት ሥር ዱባ የሚያህል የባሕር ቀንድ አውጣ ተለጥፏል። የብረት መፈልቀቂያዋን ታስገባበታለች፤ ቀንድ አውጣው ድንጋዩ ላይ ጥብቅ ይላል፤ የብረቱ ማሰሪያ የእጇን አንጓ ያንቀዋል። ቀና ስትል ፀሐይዋ ከላይ ወንፊት አክላለች፤ ትንፋሽ አልቋል። ያኔ እየተወራጨች ትነሳለች። የፊት ጥርሴን ያወለቀችው እሷ ናት፤ ለሰው በሬ ረገጠኝ ብያለሁ። አንዳንዴም ሳትነቃ ተነስታ፣ ጓዳ ገብታ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች መፈልቀቂያዋን ትፈልጋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አለቅም አለኝ" ትለኛለች።

"ተይውና እኔን ያዥኝ።"

"አንተን ይዤ ገበያ ብወጣ ማን ይገዛኛል?"

ትኮራበት ነበር። ጠዋት ራሷን ሲፈልጣት የራስ ምታት ዱቄቷን ትውጣለች፤ ጠላቂ ሁሉ ከባሕር በፊት ይውጠዋልና ማን ልብ ይለዋል? ሩዝ አፏ ውስጥ እያለ ስታንቀላፋም "ባሕሩ አድክሟት ነው" አልን።

ሰው ሁሉ እናትሽ ስትጠልቅ የሞተች ይመስለዋል። አልጠለቀችም። ብሩህ ጠዋት ነበር፤ ባሕሩም እንደ ዘይት የተኛ። መንሳፈፊያዋን አቅፋ፣ ፊቷን ውሃው ውስጥ አድርጋ ነበር። እትዬ ቹንዎል ከቅርብ አይተዋታል። ጠላቂ ወደ ታች ስታይ እንዲያ ነው የምትሆነው፤ ቦታ እየመረጠች ነው ብለው ዝም አሉ። ለካ እንቅልፍ ወስዷታል። ሲደርሱላት መፈልቀቂያዋ ገና ከወገቧ አልተፈታም ነበር።

ባለፈው ክረምት ጉልበቴን ልወጋ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ እንደ ልማዴ ሐኪሟን ላስቅ ብዬ፣ በእንቅልፏ ስለምትጠልቀው ሚስቴ አወራሁ። ሐኪሟ አልሳቀችም። መርፌውን አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ማንኮራፋት ነበራት?"

"ጣሪያ ያነሳል እንጂ!"

"ቀንስ እንቅልፍ ይጥላት ነበር?"

ሩዝ አፏ ውስጥ እያለ ታንቀላፋ እንደነበር ነገርኳት። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። "ሚስትዎ እየጠለቀች አልነበረም፤ እየታነቀች ነበር" አለችኝ። ጉሮሮ በእንቅልፍ ይዘጋል፤ አየር ሲያጥር ሕልሙም የመታፈን ሕልም ሊሆን ይችላል፤ ጠላቂዋን ባሕር ውስጥ፣ ሹፌሯን አውቶቡስ ውስጥ። እጅና እግር የሚወራጨው አካል ለትንፋሹ ሲታገል ነው። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ደግሞ ቀን የትም ይወድቃል። ሹፌሯን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አንቺን አታውቅሽም።

የምትፈሪውን አውቃለሁ። "ሐኪም ካወቀ ከመሪው ያነሱኛል" ብለሻል። ቀይ መብራት ላይ ግንባርሽ መሪውን እንደነካም አምልጦሽ ነግረሽኛል። ልጄ፣ ያ የቡሳን ዳገት ነው፤ ከኋላሽም የሰው ልጅ ተሳፍሯል። ተመልሼ ሄጄ ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። ሌሊት አየር የሚነፋ ጭምብል አለ፤ ታክመው ወደ መሪያቸው የተመለሱ ብዙ ናቸው አለች። ባሕር ከወሰዳቸው ግን የተመለሰ የለም።

ደግሞ በዚያ በመጨረሻው ጠዋት እናትሽ ወደ ታች የሚያሰምጣትን ከባድ የእርሳስ ቀበቶ እየታጠቀች ዞር ብላ "ይሄ ነገር ያንግሚ ላይ ከታየ ሐኪም ቤት ሳትወስዳት እንዳታድር" ብላኛለች። የሟች ኑዛዜ ነው። እንግዲህ የእናትሽን ቃል ረግጠሽ መሪ ጨብጪ።

ሐሙስ በመርከብ እመጣለሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የተጻፈውን እኔ አነብልሻለሁ።

ከነሸርጣኖቹ የሚወድሽ
አባትሽ ዳልሱ

አሽጌው ነበር፤ መልሼ ከፈትኩት። ከላይ ያለው ሁሉ ሆኗል፤ ኑዛዜው ግን አልሆነም። እናትሽ ያን ጠዋት ያለችኝ "ሩዙ ላይ ውሃ አታብዛ" ብቻ ነው። ታማ እንደነበር አታውቅም፤ ማንም አላወቀላትም። እኔን እንደማትሰሚኝ፣ እሷን ግን እምቢ እንደማትያት ስለማውቅ ፈጠርኩት። እሷ ምንም ሳትልሽ ሄዳለች። የምለምንሽ እኔ ብቻ ነኝ፤ እስክመጣ ድረስ መሪ አትያዢ።